የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ማን ይሁን? የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች ጥያቄ

አውስትራሊያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንድ ጥያቄ በደንብ ያውቃሉ። ክሊኒክ ሲሄዱ፣ ሆስፒታል ሲገቡ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ ቅጹ ላይ አለ። «የአቦርጂናል ወይም የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ ነዎት?» ይላል። አብዛኛው ሰው «አይደለሁም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ጥያቄው ለምን እንደሚጠየቅ የሚያስረዳ ግን እምብዛም የለም። ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋል፤ «እነሱ እኮ መድኃኒት በነጻ ነው የሚወስዱት» የሚል።

ወሬው ግማሹ እውነት ነው። የዋጋ ቅናሽ አለ። ዛሬ በዘርፉ ያለው ክርክር ግን ከዋጋ አልፏል። የቀደምት ሕዝቦቹ የጤና ድርጅቶች «መድኃኒት ቤቱን ራሳችን ባለቤት ሆነን እናንቀሳቅሰው» እያሉ ነው። በአብዛኛው አገሪቱ ሕጉ አይፈቅድላቸውም። ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ አንድ በአንድ እንየው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

«ነባር» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት በእኛ አገር ፖለቲካ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ያንን ጣጣ ወደ አውስትራሊያ መውሰድ አያስፈልግም። እዚህ «ቀደምት ሕዝቦች» የምንላቸው እንግሊዞች በ1788 ከመምጣታቸው በፊት በምድሪቱ ላይ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩትን ነው። አቦርጂናል የሚባሉት የዋናው ምድር እና የታዝማኒያ ሕዝቦች ናቸው። የቶረስ ስትሬት ሰዎች ደግሞ በአውስትራሊያ እና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል ካሉ ደሴቶች የመጡ ናቸው። ሁለቱ አንድ ሕዝብ አይደሉም። ተደምረው ከአገሪቱ ሕዝብ 4 በመቶ ገደማ ይሆናሉ።

ሁለተኛው አደናጋሪ ስም «የማኅበረሰብ ፋርማሲ» ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህ ስም የሚሰጠው በየሰፈሩ ላለ ተራ የግል መድኃኒት ቤት ነው። የሆስፒታል አይደለም ለማለት ብቻ ነው እንዲህ የሚባለው። የማኅበረሰቡ ንብረት ነው ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ከነማ ሲባል የከተማው አስተዳደር መድኃኒት ቤት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የቀይ መስቀሉም እንደዚያው የድርጅት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ማዕዘን ላይ ያለው ፋርማሲ የአንድ ወይም የጥቂት ፋርማሲስቶች የግል ንግድ ነው።

ሦስተኛው «በማኅበረሰቡ የሚመራ የጤና ድርጅት» የሚባለው ነው። የመጀመሪያው በ1971 ሲድኒ ውስጥ ሬድፈርን በሚባለው ሰፈር ተከፈተ። ያቋቋሙት የሰፈሩ አቦርጂናሎች ናቸው። በሌሎች ክሊኒኮች መናቅና መገፋት ሲበዛባቸው የራሳቸውን ከፈቱ። ዛሬ በመላ አገሪቱ ከ140 በላይ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች አሉ። ቦርዳቸውን የሚመርጠው የአካባቢው ማኅበረሰብ ነው። ትርፍ ለማንም አያከፋፍሉም። የጋራ ድምፃቸው ናቾ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ብሔራዊ ድርጅት ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሾፌር ሳይቀር ይቀጥራሉ። በብዙዎቹ የሚጎድለው መድኃኒት ቤት ነው።

የዋጋው ነገር

አውስትራሊያ ፒቢኤስ የሚባል የመድኃኒት ድጎማ ሥርዓት አላት። በ1948 ነው የተጀመረው። መንግሥት የመድኃኒቱን አብዛኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ታካሚው እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ብቻ ያዋጣል። ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ ይህ ጣሪያ ለአንድ መድኃኒት 25 ዶላር ነው። ጡረተኞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው 7 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይከፍላሉ።

በ2010 በዚህ ላይ ለቀደምት ሕዝቦች የተለየ ቅናሽ ተጨመረ። ሙሉውን ይከፍል የነበረው ዝቅተኛውን ይከፍላል። ዝቅተኛውን ይከፍል የነበረው ምንም አይከፍልም። «በነጻ» የሚለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው።

አፈጻጸሙ ግን ለረጅም ጊዜ ሰው ያንገላታ ነበር። እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ ቅናሹ የሚሠራው ሐኪሙ ማዘዣው ላይ ልዩ ምልክት ካደረገ ብቻ ነው። ሐኪሙ ከረሳ ታካሚው ባንኮኒ ላይ ሙሉ ሒሳብ ይጠየቃል። የመንግሥት ሆስፒታል ማዘዣም አይካተትም ነበር። እስኪ አስቡት። ሰውየው ከቤቱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በልብ ሕመም ይተኛል፤ በሚወጣበት ቀን የያዘው ማዘዣ ቅናሹን አያሠራለትም። ከ2021 ጀምሮ አንድ ጊዜ መመዝገብ በቂ ሆኗል። የሆስፒታሉም ቀዳዳ ዘግይቶም ቢሆን ተደፍኗል።

በጣም ሩቅ ለሆኑ አካባቢዎች ደግሞ ከ1999 ጀምሮ ሌላ መንገድ አለ። በብሔራዊ የጤና ሕጉ አንቀጽ 100 ስለሚደገፍ በቁጥሩ ነው የሚጠራው። ክሊኒኩ መድኃኒት በጅምላ አስመጥቶ እዚያው ለታካሚው በነጻ ይሰጣል። በጎ ሐሳብ ነው። ጉድለት ግን አለው። መድኃኒቱን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ወይም የአቦርጂናል የጤና ባለሙያ ነው። ፋርማሲስቱ ሩቅ ከተማ ነው ያለው፤ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ስድስት ዓይነት ኪኒን የምትወስድ አሮጊት የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ ቁጭ ብሎ የሚያያት ባለሙያ አታገኝም። በዚያ ላይ ቀደምት ሕዝቦች በሙሉ በረሃ ውስጥ የሚኖሩ ይመስለናል እንጂ በሩቅና በጣም ሩቅ አካባቢ ያሉት 15 በመቶ ገደማ ናቸው። ቀሪው በከተማና በከተማ ዙሪያ ነው። ይህ መንገድ እነሱን አይመለከትም።

ከባንኮኒው ወዲህ

ዋጋው ከቀነሰ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ከ2020 እስከ 2022 ባለው መለኪያ የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ወንዶች ዕድሜ በአማካይ 71.9 ዓመት፣ የሴቶቹ 75.6 ዓመት ነው። ከሌላው አውስትራሊያዊ ወንዶቹ በ8.8፣ ሴቶቹ በ8.1 ዓመት ያንሳሉ። ከልዩነቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት የልብ፣ የስኳር፣ የኩላሊት እና የመሳሰሉት ሥር የሰደዱ ሕመሞች ናቸው። እነዚህ ደግሞ መድኃኒት በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ሳያቋርጡ መውሰድን ይጠይቃሉ። የሩማቲክ የልብ ሕመምን እንውሰድ፤ እኛም አገር በደንብ የሚታወቅ ነው። ታካሚው በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ መወጋት አለበት፤ ለዓመታት። አንድ ሰው ለዓመታት ወደማያምነው ቦታ አይመላለስም።

አለማመናቸው ከመሬት የበቀለ አይደለም። በምዕራብ አውስትራሊያ ከ1908 እስከ 1919 የአባለዘር በሽታ አለባቸው የተባሉ አቦርጂናሎች ከየመንደራቸው እየተያዙ በርኒየር እና ዶሬ በሚባሉ ሁለት ደሴቶች ላይ ይዘጋባቸው ነበር። ቦታዎቹ ሆስፒታል ነው የተባሉት። ከዚያ በኋላም እስከ 1970ዎቹ ድረስ መንግሥት ሕፃናትን ከወላጆቻቸው እየነጠቀ ወስዷል። አንዳንዶቹ የተወሰዱት ከወሊድ ክፍል ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት በ2008 ነው። የተነጠቁት ልጆች ዛሬ አያቶች ናቸው፤ የግፊት መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውም እነሱ ናቸው።

«የባህል ደኅንነት» የሚባለው ሐሳብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ከኒውዚላንድ ነው የመጣው። ኢሪሃፔቲ ራምስደን የተባሉ የማኦሪ ነርስ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያዳበሩት ነው። ብዙ ጊዜ «ባህልን ማክበር» ተብሎ ስለሚተረጎም ግድግዳ ላይ ባህላዊ ሥዕል መስቀል የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። የሐሳቡ ልዩነት ዳኛው ማን እንደሆነ ላይ ነው። አገልግሎቱ ደኅና መሆኑን የሚወስነው ተገልጋዩ ነው። ሰጪው «እኔ ሁሉንም እኩል ነው የማየው» ቢል ዋጋ የለውም። በ2022 የአውስትራሊያ የጤና ባለሙያዎች ሕግ ሲሻሻል ይህ ሐሳብ ከሕጉ ዓላማዎች አንዱ ሆኖ ገብቷል።

በተግባር ምን ይመስላል? አቦርጂናሎች በሚናገሩት እንግሊዝኛ ውስጥ «ሼም» የሚል ቃል አለ። የእኛ የከተማ ልጅ «ሼም ያዘኝ» ሲል እንደሚለው ነው፤ የእነሱ ግን ጠለቅ ይላል። በሰው ፊት ተለይቶ መታየት ራሱ ሼም ነው። ወረፋ በተሰለፈ ሰው ፊት «ይሄ የስኳርዎት ነው፣ ይሄ የኢንፌክሽኑ ነው» ብሎ ጮክ ብሎ ማስረዳት ያባርራል። ሰውየው መድኃኒቱን ሳይወስድ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው «አዎ» ማለት ነው። የቋንቋ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ብዙ አቦርጂናሎች ባለሥልጣን የሚመስል ሰው ሲጠይቃቸው ባይገባቸውም፣ ባይስማሙም «አዎ» ይላሉ። ነገሩ በሰላም እንዲያልፍ ነው። ይሉኝታን ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ፋርማሲስቱ «ገባዎት?» ይላል፣ «አዎ» ይባላል፣ ሁለቱም ይለያያሉ። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የጤና አገልግሎት ፋርማሲስቶች ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከብዙ ዓመት በፊት ቀላል ዘዴ አበጅተዋል። ታካሚውን ለብቻው ክፍል አስገብተው ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ምን አሉዎት? እንዴት እንዲወስዱት ነገሩዎት? ምን ለውጥ እንዲጠብቁ ነገሩዎት? አንዱም በ«አዎ» አይመለስም።

ለቅሶም አለ። ዘመድ ሲሞት ሰው ሩቅ መንገድ ሄዶ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቀመጣል። መድኃኒቱ ቤት ይቀራል። የሚያውቀው መድኃኒት ቤት ቀድሞ ያሽግለታል፣ ወይም ለቅሶው ቤት አጠገብ ያለውን ክሊኒክ ደውሎ ያነጋግርለታል። የማያውቀው ደግሞ ፋይሉ ላይ «ታካሚው መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ብሎ ይጽፋል። የወንድ ጉዳይ ለወንድ፣ የሴት ጉዳይ ለሴት የሚነገርበት ሥርዓትም አለ። ባንኮኒው ላይ አንድ ሰው ብቻ ከቆመ ግማሹ ተገልጋይ አፉን አይከፍትም።

ሁለት ቁልፍ ያለው በር

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ድርጅት በአጠገባቸው አለ። ታዲያ ለምን መድኃኒት ቤት አይከፍትም? ምክንያቱ በሩ በሁለት ቁልፍ ስለተዘጋ ነው።

አንደኛው ቁልፍ በክፍለ ግዛቶቹ እጅ ነው። በሕጋቸው መድኃኒት ቤት በባለቤትነት መያዝ የሚችለው የተመዘገበ ፋርማሲስት ነው። እሱም ቢሆን በአብዛኞቹ ዘንድ ከተወሰነ ቁጥር በላይ መያዝ አይችልም። ሕጉ ዓላማ አለው። ዎልዎርዝስንና ኮልስን የመሳሰሉ ሱፐርማርኬቶች ዘርፉን እንዳይውጡት ይከላከላል። ለሙያው ተጠያቂ የሆነ ሰው ለንግዱም ተጠያቂ ይሁን ነው ነገሩ።

ሁለተኛው ቁልፍ የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የፒቢኤስ ድጎማ ለመቀበል ፈቃድ ያስፈልጋል። ድጎማ የሌለው መድኃኒት ቤት ሻምፑ ሸጦ አይኖርም። ፈቃዱ ደግሞ የቦታ ደንብ አለው። በተለመደው አሠራር አዲሱ ከነባሩ ቢያንስ 1.5 ኪሎ ሜትር መራቅ አለበት። ደንቡ የመጣው በ1990 መንግሥትና የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች ማኅበር ከተፈራረሙት የመጀመሪያው ስምምነት ጋር ነው። አሁን የሚሠራው ስምንተኛው ስምምነት ነው፤ በ2024 ነው የጀመረው። ሚኒስትሩ በልዩ ሁኔታ ከደንቡ ውጭ ሊፈቅዱ ይችላሉ። ልዩ ሁኔታ ግን ስሙ ራሱ እንደሚለው ነው።

የሕጉ ነገር የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። «ባለቤቱ ፋርማሲስት ብቻ» የሚለው ደንብ በአብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ለአንድ ዓይነት ማኅበር አይሠራም። «የወዳጅነት ማኅበራት» ይባላሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠራተኞች ወር በወር እያዋጡ ሲታመሙ የሚታከሙበት፣ ሲሞቱ የሚቀበሩበት መረዳጃ ነበሩ። ባጭሩ እድር ናቸው። እነዚህ እድሮች ለአባሎቻቸው መድኃኒት ቤት ስለነበራቸው ሕጉ ሲወጣ መብታቸው ተጠበቀላቸው። ዛሬም ፋርማሲ አላቸው። ትርፍ የማያከፋፍል፣ በአባላት የሚመራ ማኅበር መድኃኒት ቤት ቢኖረው ሰማይ እንደማይደፋ ሕጉ ራሱ አምኗል ማለት ነው። አቦርጂናሎች ግን ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ማኅበር የሚያቋቁሙበት ነጻነት አልነበራቸውም። ብዙዎቹ በሚስዮናውያን መንደሮችና ለእነሱ በተከለሉ ቦታዎች በጠባቂ ሥር ነበሩ። ስለዚህ መብቱ ሲታደል አልነበሩም።

«ፋርማሲስት ባለቤት ይሁን» የሚለውም ለሁሉም እኩል የተከፈተ በር አይደለም። በአውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ የተመረቀች የመጀመሪያዋ አቦርጂናል ተብላ የምትታወቀው ፌይ ማክሚላን ናት። የተመረቀችው በ2001 ነው። ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ ብዙ አልጨመረም።

የተለየችው ኖርዘርን ቴሪቶሪ ናት። እዚያ ሕጉ የአቦርጂናል የጤና ድርጅቶች መድኃኒት ቤት እንዲኖራቸው ይፈቅዳል። ናቾም ሌሎቹ ይህን እንዲከተሉ ነው የሚጠይቀው።

የሚቃወሙት ምን ይላሉ?

የባለቤቶቹ ማኅበር የፋርማሲ ጊልድ ይባላል። በ1928 የተመሠረተ፣ በዋና ከተማዋ ካንቤራ ጉልበቱ የሚታወቅ ድርጅት ነው። የባለቤትነት ደንቡ እንዳይሸራረፍ አጥብቆ ይከላከላል። ዛሬ ለአንዱ የተከፈተ ቀዳዳ ነገ ለሱፐርማርኬት በር ይሆናል ባይ ነው።

ይህን ክርክር ለመቀበል የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። ኬሚስት ዌርሀውስ የሚባለውን ግዙፍ ስም አውስትራሊያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። እያንዳንዱ ሱቅ በወረቀት ፋርማሲስት ባለቤት አለው፤ ስሙና አሠራሩ ግን አንድ ነው። በ2025 መጀመሪያ ሲግማ ከተባለው የመድኃኒት አከፋፋይ ጋር ተዋሕዶ የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ገብቷል። ዝሆኑን ያሳለፈ አጥር ሚዳቋዋን ከለከለ ማለት ይሆናል።

ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ይላል። ሐኪሙን የሚቀጥርና መድኃኒቱን የሚሸጥ አንድ ድርጅት ከሆነ፣ ብዙ ማዘዝ ለድርጅቱ ገቢ ነው። ማዘዣና ሽያጭ ተለይተው የቆዩት ለዚህ ነው። ሐኪሞቹ ደመወዝተኛ መሆናቸውና ትርፍ የሚካፈል ሰው አለመኖሩ ስጋቱን ይቀንሰዋል። ጨርሶ አያጠፋውም። ቁጥጥር ያስፈልገዋል።

የትንሽ ከተማው ነገርም አለ። አንድ ፋርማሲ ብቻ ባለበት ቦታ ግማሹ ደንበኛ ወደ አዲሱ ቢሄድ ነባሩ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ቀሪው ነዋሪ ምን ይሁን?

ብዙ የማይነሳ አራተኛ ጉዳይም አለ፤ ምስጢር። የማኅበረሰቡ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ የምታወጣው የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ለአባለዘር በሽታ መድኃኒት የሚፈልግ ወጣት ማንም ወደማያውቀው ፋርማሲ መሄድን ሊመርጥ ይችላል። የራስ የሆነው ቦታ ለሁሉም ጉዳይ የሚመች አይደለም።

ክርክሩን የሚያወሳስብ ጥናትም አለ። ከ2018 እስከ 2020 በኩዊንስላንድ፣ በቪክቶሪያ እና በኖርዘርን ቴሪቶሪ ፋርማሲስቶች በአቦርጂናል የጤና ድርጅቶች ውስጥ ተቀጥረው እንዲሠሩ ተደረገ። ያካሄዱት ናቾ፣ የፋርማሲስቶች የሙያ ማኅበር እና ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ፋርማሲስቶቹ መድኃኒት አልሸጡም። ከታካሚው ጋር ቁጭ ብለው መድኃኒቱን ይመረምራሉ፣ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገራሉ፣ ቤት ድረስ ይሄዳሉ። የታካሚዎቹ ስኳር፣ ግፊትና ኮሌስትሮል ተሻሻለ። ታዲያ ባለቤትነቱ ለምን አስፈለገ? ሰውየውን መቅጠር ብቻ አይበቃም?

መልሱ ያለው ገንዘቡ ላይ ይመስለኛል። የአውስትራሊያ መድኃኒት ቤት ዋናው ገቢው ለእያንዳንዱ ማዘዣ መንግሥት የሚከፍለው ክፍያ ነው። ለአቦርጂናል ታካሚ የተጻፈው ማዘዣ የሚያመነጨው ክፍያ ዛሬ የሚገባው በግል ባለቤቱ ኪስ ነው። የተቀጠረው ፋርማሲስት ደሞዝ ግን ከፕሮጀክት ነው የሚመጣው። ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል። መድኃኒት ቤቱ የድርጅቱ ቢሆን ከባንኮኒው የሚገኘው ገቢ ቤት ለቤት የሚዞረውን ባለሙያ፣ ኪኒን በየቀኑ ከፋፍሎ የሚያሽገውን፣ መኪናውን ሊከፍል ይችላል። ባለቤትነት በራሱ ሰው አያድንም። ትርፉ የት እንደሚሄድ ግን ይወስናል።

አላስካ

ይህ አዲስ ሙከራ ነው እንዳይባል አንድ ምሳሌ። በአሜሪካ በ1975 የወጣ ሕግ ጎሳዎች የፌዴራሉን የጤና አገልግሎት ተረክበው ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ፈቀደ። በአንኮሬጅ ከተማ ሳውዝሴንትራል ፋውንዴሽን የተባለው የአላስካ ቀደምት ሕዝቦች ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናውን ተረከበ። ታካሚውን «ታካሚ» አይለውም፤ «ደንበኛ እና ባለቤት» ነው የሚለው። በ2011 እና በ2017 ማልኮልም ባልድሪጅ የተባለውን የአገሪቱን የአሠራር ጥራት ሽልማት አግኝቷል። አንድ ነገር ግን አይረሳ። አሜሪካ ከብዙ ጎሳዎች ጋር ውል አላት፤ ጎሳዎቹንም እንደ መንግሥት ትቆጥራቸዋለች። አውስትራሊያ በአገር ደረጃ እንዲህ ያለ ውል የላትም። የአላስካውን እንዳለ ገልብጦ መትከል አይቻልም።

አሁን ያሉት መንገዶች

በ2020 የአውስትራሊያ መንግሥታት በሙሉ ከቀደምት ሕዝቦች ድርጅቶች ጋር «ክፍተቱን መዝጋት» የተባለ ብሔራዊ ስምምነት ፈርመዋል። ከአራቱ ዋና የለውጥ ነጥቦች አንዱ በማኅበረሰቡ የሚመሩ ድርጅቶችን ማጠናከር ነው። አብዛኞቹ የመድኃኒት ቤት ሕጎች ግን ከዚያ በፊት የተጻፉ ናቸው፤ የሚሻሻሉትም በየክፍለ ግዛቱ ፓርላማ አንድ በአንድ ነው።

እስከዚያው ከኖርዘርን ቴሪቶሪ ውጭ ያለ ድርጅት ሦስት ምርጫ አለው። ፋርማሲስት ቀጥሮ ያለ መድኃኒት ቤት ማሠራት አንዱ ነው። በአቅራቢያው ካለ የግል መድኃኒት ቤት ጋር ተስማምቶ፣ እሽጉ ክሊኒኩ ድረስ እንዲመጣ ማድረግ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ፈቃደኛ ፋርማሲስት ፈልጎ በሕንፃው ውስጥ ቦታ ማከራየት ነው። ሠራተኞቹን አብረው ይመርጣሉ፣ የሥራ ሰዓቱን አብረው ይወስናሉ፣ ለብቻ የሚነጋገሩበትን ክፍል አብረው ያሠራሉ። ፋርማሲስቱ ጡረታ ሲወጣ ግን ፈቃዱን ለፈለገው ፋርማሲስት መሸጥ ይችላል።